የግራው እጅጌ

ሰው አለቃውን በፊቱ ያውቀዋል። እትዬ አሚዶ አለቆቿን የምታውቃቸው በኮሌታቸው ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ጓሮ ባለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ቆማ ሦስት ርዕሰ ብሔሮችን አጥባለች። ልብሳቸውን ነው እንጂ እነሱንማ ማን አጥቦ ያጠራቸዋል።

የመጀመሪያው በጠመንጃ የመጣ ወታደር ነበር። አደባባይ ሲቆም ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ ድምፁ ግንብ የሚሰነጥቅ ሰው ነበር፤ ሸሚዙ ግን ጀርባው ላይ ጨው ሠርቶ ይመጣል። ፍርሃት በጀርባ እንደሚወጣ ከዚያ ሰውዬ ሸሚዝ ተማረች። ሁለተኛው ሽማግሌ ነበር። ሕዝቡ ሆዱን እንዲያስር ሲመክር ይውልና ኪሱ ውስጥ የቀለጠ ከረሜላ ከነወረቀቱ ይገኛል። ሦስተኛው፣ አሁን ያለው፣ የሸሚዙ እጅጌ ጫፍ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል። አንድ ቀን «እዚህ ላይ ፈገግ በል» የሚል አገኘች። በሳሙና ብትፈትገው አልለቅ አላት። «ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዲህ በቆየ!» አለችና በበረኪና ሰደደችው።

አሚዶ ያሏት የገዛ ሻሿን እንኳ በአሚዶ አድርቃ ስለምታስር ነው። ከሩቅ ሲያዩዋት ራሷ ላይ ጣሪያ የተከለች ትመስላለች። ገና ልጃገረድ ሳለች አክስቷ ሞተችና በአክስቷ ገንዳ ተተካች፤ ከዚያ ወዲህ እጇ ከውኃ አልወጣም። ምላሷም ከሰው ላይ አልወረደም።

ባሏን ያገኘችውም እዚያው ገንዳ ላይ ነው። የዋናው በር ዘብ የነበረ ወጣት ወታደር ነጭ ጓንት ሊያሳጥብ መጣ። የሰጣት አንድ ብቻ፣ የቀኙን ነው።

«የግራውስ?» አለችው።

«የግራው አይቆሽሽም።»

«እንዴት ያለ ጨዋ እጅ ነው ባክህ? አይበላም፣ አይነካም?»

«አይታጠፍም» አላት።

ምልምል ሳለ የጥይት ሣጥን ከመኪና ሲያወርዱ ክንዱ ላይ ወድቆበት፣ የግራ ክርኑ ቀጥ ብሎ ድኖ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ከሠራዊቱ ይወጣ ነበር። ለዘብ ግን ከዚህ የበለጠ ምን ጸጋ አለ? ተጠንቀቅ ሲባል ግራ እጁ ከሱሪው ስፌት ጋር የተሰፋ ይመስል ንቅንቅ አይልም። አለቆቹ ሌሎቹን «እሱን እዩ!» እያሉ ይገሥጹ ነበር። ቀኝ እጁ ደግሞ ወደ ግንባሩ ስትወጣ እንደ ቢላዋ ናት። እንዲህ እያለ አስር አለቃ ሆነ፤ ሠፈሩም ቀኛዝማች ብሎ ጠራው። ሹመቱን የሰጠው ሠፈሩ ነው፤ መንግሥት ከአስር አለቃ አላሳለፈውም።

ቀኛዝማች ስለ ወታደር ሰላምታ ከተነሳ እንደ ቄስ ነው። ኮፍያ የሌለው ራስ ሰላምታ አይሰጥም። የሰጠኸው ሰላምታ እስኪመለስልህ እጅህን አታወርድም። ሰንደቅ የተከለ መኪና ካለፈ፣ ውስጡ ማንም ይኑር ማን፣ እጅ ወደ ላይ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ጊዜ የርዕሰ ብሔሩን ውሻ ከሐኪም ሲመልሱት ሰላምታ ሰጥቷል። ሚስቱ ይህንን አንድም ቀን አልረሳችለትም።

«ለሰውየው አይደለም፣ ለወንበሩ ነው» ይላታል።

«እንዲያ ከሆነ ወንበሩን አውጥተው ያቁሙልህ። ቢያንስ ወንበር አይዋሽም።»

የሚኖሩት በግንቡ ሥር ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። ክፍሎቹ ለበሩ ዘብ የሚሰጡ ናቸው፤ ዘብነቱ ሲቀር ቤቱም ይቀራል። በውስጠኛው ክፍል የቀኛዝማች እናት አሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ያንን ቤት በእጃቸው ያውቁታል፤ ምሰሶው የት እንደሚያብጥ፣ ግድግዳው የት እንደሚቀዘቅዝ፣ በሩ ጋ ያለችው ድንጋይ ወደየት እንደምታጋድል። እየዳሰሱ ደጅ ይወጣሉ፣ እየዳሰሱ ይገባሉ፣ የሰው እጅ አይለምኑም። ምራቲቱ ብዙ ጊዜ ከበሩ ቆማ ዝም ብላ ታያቸዋለች። ሌላ ቤት ቢገቡ ሁለተኛ መታወር ነው፤ ይህንን እሷም ታውቃለች፣ ባሏም ያውቃል።

ሦስተኛው ርዕሰ ብሔር ወታደር አልነበረም። ጠመንጃ የያዘው ፎቶ ሲነሳ ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ልማዱ ቀላል ነው፤ ሠራዊቱ ሰላምታ ሲሰጠው ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ወይ እጁን ደረቱ ላይ ያኖራል፣ አለቀ። እሱን ግን ይህ አላረካውም። ወርቅማ ጥልፍ የተዥጎደጎደበት፣ ቁልፉ የሚያንጸባርቅ የጦር መሪ ኮት አሰፋ። ከነኮፍያው።

በዓለ ሲመቱ ሊደርስ ሲል እትዬ አሚዶ ከሸሚዞቹ ላይ አንድ ነገር አየች። የቀኙ ብብት ቢጫ ነጠብጣብ ይዞ መጣ። በማግስቱ ነጠብጣቡ ሰፋ። በሦስተኛው ሸሚዝ ላይ ጥጥ ከነፕላስተሩ ተጣብቆ ተገኘ። አሸተተችው። ለሠፈሩ ልጅ ሁሉ ብጉንጅ ያፈረጠች ሴት መግል አይጠፋትም።

«ይህማ ብጉንጅ ነው» አለች ለራሷ። «ያውም ከብብት ሥር። እዚያ ላይ የወጣበት ሰው እንኳን እጁን ትከሻውንም አያነሳ።»

አላነሳም። በበዓሉ ቀን ባንዱ ነፋ፣ ጦሩ ቀጥ አለ፣ ጄኔራሎቹ በአንድነት ቀኝ እጃቸውን ሰነዘሩ። ሰውየው ቀኙን ሊያነሳ ሞከረና ፊቱ ቋጠሮ መሰለ። ከዚያ ግራውን አነሳ።

ግራውን!

እጁን ደረቱ ላይ ቢያኖር ማን ይታዘበው ነበር? ያ ኮት ግን ለዚህ አልተሰፋም። ከጎኑ የቆመው የሥነ ሥርዓት ሹም፣ ዕድሜ ልኩን ስሕተት ሊያርም ደመወዝ የሚበላ ሰው፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንዲት ቃል ቢል ነገሩ እዚያው በቀረ። እሱ ግን የጌታውን እጅ አየ፣ የራሱን እጅ አየ፣ ቀኙን አውርዶ ግራውን ሰቀለ። ጄኔራሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ግራ ገባቸው ማለት ያን ቀን ነው፤ ገባቸውና በየግንባራቸው ላይ ተቀመጠ። ደረታቸው ላይ ሜዳይ ማስቀመጫ ያጡ ሰዎች፣ አንድ ብጉንጅ በደቂቃ ግራኝ አደረጋቸው።

በማግስቱ ሬድዮው ማብራሪያ ይዞ መጣ። ልብ ያለው በግራ ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ሰላምታ የልብ ሰላምታ ነው። ምሁር ተጠርቶ አመሰገነው። ቀጥሎ ትእዛዝ ወጣ፤ ከእንግዲህ ሰላምታ በግራ። እትዬ አሚዶ ገንዳዋ ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። የሠፈሩ ሰውም «ቀኛዝማች ግራዝማች ሊሆን ነው» እያለ ተሳሳቀ።

ሳቁ ያበቃው ሻምበሉ ወደ በሩ ሲመጣ ነው። የዘቦቹ አዛዥ ነው፤ ጢሙን ገና መላጨት የጀመረ፣ ጫማው ከዓይኑ በላይ የሚያበራ።

«አስር አለቃ፣ ግራህን አንሳ እስቲ።»

«አይታጠፍም ጌታዬ።»

«ትእዛዝ ነው እኮ!»

«ለእኔ ነግረውኛል ጌታዬ፤ ለክርኔ ይንገሩልኝ።»

ሻምበሉ አልሳቀም። «በሠራዊቱ ቀን ክቡርነታቸው በዚህ በር በእግራቸው ይወጣሉ። በግራው ሰላምታ ያልሰጠ ዘብ በማግስቱ የለም። ቤቱንም ለተተኪው ትለቃለህ።»

ቀኛዝማች ቤት ገብቶ ነገሩን ሲናገር እናቱ ከውስጥ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አኑረው ሰሙት። ተናግሮ ከጨረሰ በኋላም እጃቸውን ከግድግዳው አላነሱም።

በሳምንቱ ቀኛዝማች ወጌሻ ይዞ መጣ። ወጌሻው ክርኑን ጨመቀ፣ አዞረ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ከጠነከረ ቆይቷል። እንደገና መሰበር አለበት። ግን ዕወቀው፣ ወይ ቀጥ ይላል ወይ ታጥፎ ይቀራል፤ ሁለቱንም አይሆንም።»

«ታጥፎ ይቅር» አለ ቀኛዝማች።

«አንተ ሰው፣ አብደሃል?» አለች እትዬ አሚዶ። «እጅህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ ልትኖር ነው? ሽንት ቤት ስትገባም ሰላምታ ልትሰጥ?»

«እናቴን ሜዳ ላይ ከመጣል ይሻለኛል።»

«እኮ ለምን? ለሰው ብጉንጅ?» አለችና የሸሚዙን ነገር ዘረገፈችው። የቤተ መንግሥት ጉድ ወደ ውጭ ማውጣት እስር ቤት ያስገባል፤ ወጌሻው ይህን ያውቃልና ቶሎ ብሎ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ቀኛዝማች ግን ፍንክች አላለም። «ብጉንጅም ይሁን ራእይ ትእዛዝ ሆኗል።»

ይህን ጊዜ አሮጊቷ ምሰሶውን ይዘው ወጡ። በከዘራቸው ወለሉን እየመቱ ወጌሻው እግር ድረስ መጡና ጫፉን ጫማው ላይ አሳረፉት።

«ያንን ክንድ ያማጥሁት እኔ ነኝ። አንዴ መንግሥት ሰብሮታል፣ ዝም አልሁ። ሁለተኛ የሚሰብረው መጀመሪያ እኔን ይስበር። ውጣልኝ!»

ወጌሻው ወጣ። ቀኛዝማች ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕቃ መጠቅለል ያዘ። ጓንቱን፣ የክብር ቀበቶውን፣ የእናቱን ጋቢ። በሠራዊቱ ቀን እንደ ወትሮው በቀኙ ሰላምታ ሰጥቶ፣ በማግስቱ ቤቱን ሊለቅ ቆርጧል። አሮጊቷ ደግሞ አንድ ነገር ጀመሩ፤ ግድግዳውን ሲዳስሱ ቀስ ማለት። ቀድሞ በእጃቸው ያልፉበት የነበረውን ቦታ አሁን ይቆሙበታል። እትዬ አሚዶ ይህንን አየች። ከሁሉም ያንገበገባት ይህ ነው።

ብጉንጁ ድኖ ነበር። ሸሚዞቹ ንጹሕ ከሆኑ ሰንብተዋል። ሰውየው ግን ግራውን ወዶታል፤ በየአደባባዩ ፎቶው ግራ እጁን ሰቅሎ ተለጥፏል። አገር ሙሉ የሚታዘዝለት ስሕተት ያገኘ ሰው ለምን ይታረማል?

የሠራዊቱ ቀን ዋዜማ ልብስ አልባሹ ያንን ኮት እንዲተኮስና አንድ የላላ ቁልፍ እንዲጠብቅለት አመጣው። እትዬ አሚዶ የመርፌ ሥራ ያለውን ልብስ ቤቷ ወስዳ መሥራት ልማዷ ነው፤ የማጠቢያ ቤቱ እንፋሎት መርፌ ያዝጋል። ኮቱን ታቅፋ ገባች። ባሏ በር ላይ ተረኛ ነው። የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ቁልፎቹ ላይ ሲያርፍ ግድግዳው በሙሉ ብልጭ አለ።

የግራውን ብብት ገበር ተረተረች። እጅጌውን ከጎኑ ጋር፣ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች፣ በድርብ ክር ሰፋችው። በጥብቅ፣ ለጆንያ እንደሚሰፋ። ገበሩን መልሳ ዘጋች። ከዚያ ልክ መሆኑን ማየት ነበረባት፤ ሰፊ ያልለካውን አይሰጥም። በሩን ቀረቀረችና ኮቱን ለበሰችው።

ትልቅ ሰው የሚያደርግ ኮት ነው ይባል ነበር። እሷን ትልቅ አላደረጋትም፤ ከአንገቷ ሥር አሳከካት እንጂ። በመስኮቱ መስታወት ውስጥ ሻሿ ቀጥ ያለ፣ ደረቷ በወርቅማ ጥልፍ የተጥለቀለቀ አንዲት አጣቢ አየቻት። ግራ እጇን ወደ ደረቷ አነሳች፤ ወጣ። ወደ ግንባሯ ልታነሳ ሞከረች፤ መሐል ላይ ቀጭ ብሎ ያዛት። ኮቱ ተከትሎ ወደ ላይ ተሰበሰበና ሆዷ ተገለጠ። ቀኟን አነሳች። ልቅ ነው።

«ምንድን ነው የሚንሿሿው?» አሉ አሮጊቷ ከውስጥ።

«ቁልፍ ነው እማማ።»

«የማን ቁልፍ?»

«የመንግሥት።»

አሮጊቷ ድርብ ክሩ ሲሳብም ሰምተው ኖሯል። «አጥብቀሽ ስፊው» አሉ።

በማግስቱ እትዬ አሚዶ ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር በአጥሩ በኩል ቆመች። ሻሿን ከወትሮው አጥብቃ አስራለች። ከተያዘች ቤቱ ብቻ አይደለም፣ ራሷም ትሄዳለች። ባሏ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጓንቱ በረዶ መስሏል። ሻምበሉ ከኋላው ነው። ጄኔራሎቹ በተርታ ቆመዋል፣ የግራ እጃቸው ጣቶች ከወዲሁ ይንቀዠቀዣሉ።

ሰውየው ወጣ። ጥሩምባው ተነፋ።

ቀኛዝማች ቀኝ እጁን አነሳ። ያቺ ቢላዋ የመሰለች እጅ፣ ከግንባሩ ጎን ቀጥ። ሻምበሉ ከንፈሩ ነጣ። በዚያው ቅጽበት ጄኔራሎቹ ሁሉ ግራቸውን ሰቀሉ። ሰውየውም ግራውን ሰደደ፤ ደረቱ ላይ ደርሳ ቀረች።

እንደገና ሞከረ። ኮቱ በግራ ጎኑ እንደ መጋረጃ ተነሳ፣ ሸሚዙ ወጣ፣ ከሸሚዙም ሥር የሆዱ ጫፍ ሠራዊቱን ጎበኘ። ሦስተኛ ጊዜ ታገለ። ድርብ ክር ነው፤ አልተበጠሰም። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ያልተመለሰ ሰላምታ ደግሞ አይወርድም፤ ቀኛዝማች እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፣ ዓይኑን አያርገበግብም። ሰውየው ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። እጁ እጅጌው ውስጥ እንደ ድመት ተንፈራገጠች። በመጨረሻ ከፊቱ የተሰቀለችውን ያቺን ነጭ ጓንት አየና ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰረቀ ሰው፣ ቀኙን አነሳ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አጥሩ ጥግ የቆሙት ሁሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲስቁበት ኖረዋል። የሥነ ሥርዓት ሹሙ ግራውን ሳያወርድ ቀኙን ሰቀለ። ጄኔራሎቹም ተከተሉት፤ ገሚሱ ቀይሯል፣ ገሚሱ አልቀየረም፣ የሚበዛው ሁለቱንም እጁን አንስቷል። ያ ሁሉ ሜዳይ ለአንድ አስር አለቃ እጁን የሰጠ መሰለ። የአንደኛው ኮፍያ ወድቆ ተንከባለለ፤ ኮፍያ የሌለው ራስ ሰላምታ አይሰጥም ብሎ የሚያስታውሰውም አልነበረም።

በማግስቱ ሬድዮው ያው ነው፣ ምሁሩም ያው። ቀኝ የሥራ እጅ ነው፣ የመሐላ እጅ ነው፤ ስለዚህ ሰላምታ በቀኝ ይሁን። ልብ ለሁለተኛ ጊዜ አልተጠራም።

ከሰዓት በኋላ ሻምበሉ በር አንኳኳ። እትዬ አሚዶ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ከፈተች። የተጠቀለለው ዕቃ መሐል ወለሉ ላይ ነው።

«አስር አለቃ አሉ?»

«አሉ» የሚለውን ስትሰማ ልቧ መለስ አለ። ትናንት «አለ» ነበር።

ሻምበሉ ገባና ኮፍያውን አስተካከለ። «እርስዎ… እንዴት ነው አስቀድመው ያወቁት? ከላይ ማን ነገረዎት?»

«ማንም» አለ ቀኛዝማች።

«ገባኝ» አለ ሻምበሉ፣ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ። «ገባኝ፣ አይነገርም። እንዲያው ሌላ ለውጥ የሚመጣ ከሆነ እኔን አይርሱኝ።» ቀጥ አለና ለአስር አለቃው ሰላምታ ሰጠው። በቀኙ። ሲወጣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና፣ የሚያፈስ ከሆነ ቆርቆሮ እንደሚልክ ተናገረ።

እውነትን ይዞ የቆመን ሰው ያባርሩታል፤ ዘመድ አለው ብለው የጠረጠሩትን ጣሪያ ይቀይሩለታል።

ኮቱ ተመለሰ። ልብስ አልባሹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በግራ በኩል ጠቧል። ክቡርነታቸው ወፍረዋል ተብሎ ሐኪሙ ሥጋና ጣፋጭ ከልክሏቸዋል፤ እባክሽ ትንሽ አስፊው» አላት።

«ምስኪን» አለች እትዬ አሚዶ። ፊቷ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ነበር።

ማታውን ሳትጠብቅ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ገበሩን ከፈተች። ቀኛዝማች ጥቅሉን እየፈታ ጓንቱን በቦታው ሰቀለ።

«አየሽ አንቺ» አለ። «ዓይን ለዓይን ተያየን። ሕግ ነው፣ ሰውየው ትዝ አለው። ሰው የሚባል ፍጡር በመጨረሻ ትዝ ይለዋል።»

እሷ የክሩን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ነበርና «እም» ብቻ አለች። ደስ ያለውን ሰው ምን ብላ ታርመው።

አሮጊቷ ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ እንደ ድሮው ሳይቆሙ፣ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ምንድን ነው የምትተረትሪው?»

«የማይረባ ስፌት ነው እማማ።»

እጃቸውን ሰደው ጭኗ ላይ የተጠራቀመውን ክር አገኙት። በጣታቸው ጠቅልለው፣ ድቡልቡሉን በመዳፏ ውስጥ አስቀመጡላት።

«አትጣዪው» አሉ። «አራተኛው መምጣቱ አይቀርም።»